ስለ ኪስ የትንፋሽ መለኪያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)



የኬሚስትሪ ክበባችን በዚህ የደስታ ቀን አንድ ንግግር እንዲያቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፣ ስለ ሳሙና አሠራር ብናገር የተሻለ እንደ ሆነ ጓደኞቼ መክረውኝ ነበር። ምክራቸው መልካም ነበረ፤ ሳሙና ማንንም አያስቀይምም። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከመጻሕፍቴ ሁሉ ይልቅ ብዙ ያስተማረችኝ፣ ብዙም ያሳፈረችኝ ይህች በእጄ የያዝኋት፣ ከክብሪት ሣጥን ጥቂት የምትበልጥ ዕቃ ስለ ሆነች፣ ስለ እርሷ እንድናገር መምህራችንን ለምኜ ፈቀዱልኝ።

ይህች ዕቃ የትንፋሽ መለኪያ ትባላለች። መጠጥ የጠጣ ሰው እፍ ሲልባት በደሙ ውስጥ ምን ያህል አልኮል እንዳለ በቍጥር ታሳያለች። አዲስ አበባ ላይ የትራፊክ ፖሊሶች በምሽት ሾፌሮችን ሲያስተነፍሱ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ይህችኛዋ ግን የፖሊስ አይደለችም፤ ማንም ሰው ገዝቶ በኪሱ የሚይዛት ናት። በአገራችን መለኪያ ሲባል አስቀድማ ትዝ የምትለን የአረቄዋ ብርጭቆ ስለ ሆነች፣ «መለኪያ ይዤ መጥቻለሁ» ስል ከአባቶቻችን አንዳንዶቹ በከንቱ ደስ እንዳይላቸው እፈራለሁ። ያችኛዋ መለኪያ የሚገባውን ትለካለች፤ ይህችኛዋ ግን ከገባ በኋላ የሚወጣውን ነው የምትለካው።

ወደ እጄ የገባችበት ምክንያት እንዲህ ነው። በጀርመን አገር የሚኖሩት አክስቴ ለገና በዓል ሲመጡ ለአባቴ ሹራብ፣ ለእናቴ ጫማ፣ ለአጎቴ ደግሞ ይህችን መለኪያ አመጡላቸው። አጎቴ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ፒክ አፕ መኪናም አላቸው። ስጦታውን ሲቀበሉ ሣቁና «ይህ ስጦታ ነው ወይስ ተግሣጽ?» ብለው አክስቴን ጠየቋቸው። መመሪያውን ለማንበብ ትዕግሥት ስላልነበራቸው ግን ዕቃዋን ከነሣጥኗ ለእኔ ሰጡኝና «አንተ የሳይንስ ተማሪ ነህ፤ ጠባቂዋ አንተ ሁን» አሉኝ። ሹመት የማይወድ ተማሪ የለምና ደስ አለኝ። መመሪያውንም ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ ቢያንስ ያነበብሁት መስሎኝ ነበር።

በጥር ወር ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ የዘመድ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ሁሉ በዚያ አገር ጠጅ እንደ መጠጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ካፖርትም እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ። አጎቴ የጠጡት ሦስት ብርሌ እንደ ሆነ ራሳቸው ይናገራሉ፤ እናቴ ግን አራት ነው ትላለች። ወላጆቼ እዚያው ሊያድሩ ስለ ነበረ፣ እኔና የ9 ዓመት ታናሽ እኅቴ ለትምህርት እንድንደርስ ከአጎቴ ጋር እንድንመለስ ተወሰነ። ለመነሣት ስንዘጋጅ መለኪያዋን ከኪሴ አወጣሁ። በመመሪያው እንደ ታዘዘው አጎቴን በውሃ አስጉመጠመጥኋቸው፤ በሰዓቴ 15 ደቂቃ ቆጠርሁ፤ ከዚያም ድምፅ እስክታሰማ ድረስ አስተነፈስኋቸው። ብዙ ሰው ከብቦን ነበረ። ቍጥሯ 0.38 ሆነ። በሣጥኗ ላይ የጀርመን አገር ወሰን 0.5 መሆኑ ተጽፎ ስለ ነበረ፣ የፈተና ውጤት እንደሚያነብብ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጋሼ፣ አልፈዋል!» አልሁ። ሰዉ አጨበጨበ። አጎቴም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወደ መኪናው ገቡ።

ጫጫ ከተማ ከመድረሳችን በፊት፣ ከተነሣን ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ጭድ የጫነ የፈረስ ጋሪ ከግራ በኩል ወደ አስፋልቱ ወጣ። አጎቴ ዘግይተው አዩት። መሪውን በድንገት ቢያዞሩት መኪናው ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገባ። ባለጋሪውና ፈረሱ ምንም አልሆኑም። የአጎቴ ግንባር ተጫረ። የታናሽ እኅቴ ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ልገልጸው አልፈልግም።

የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ በራሱ መሣሪያ አጎቴን አስተነፈሳቸው። ቍጥሩ 0.31 ሆነ። ያን ጊዜ አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «አየህ፣ ወርዷል እኮ» አሉኝ። እኔም እውነት መሰለኝ፤ ልቤም ትንሽ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ የተከተለው የሕግ ጉዳይ የአጎቴ ስለ ሆነ እዚህ አላነሣውም። የእኔ ጉዳይ የተጀመረው በዚያው ሌሊት በሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ መመሪያውን በስልኬ መብራት እንደ ገና ባነበብሁ ጊዜ ነው።

በመመሪያው መጨረሻ ገጽ በደቂቅ ፊደል ስለ መለኪያ ዓይነቶች የተጻፈ ነገር ነበረ። የእኛይቱ ዕቃ የምታሳየው በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን የአልኮል ግራም ነው። የፖሊሱ መሣሪያ ያሳየው ግን በአንድ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ሚሊ ግራም ነው። ሁለቱ ቍጥሮች ወንድማማች እንጂ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ በፈረንሳይ ሕግ 0.5 ግራም በሊትር ደምና 0.25 ሚሊ ግራም በሊትር ትንፋሽ አንድ ወሰን ናቸው፤ ያው መጠን በአሜሪካ አጻጻፍ 0.05 ከመቶ ይባላል። ስለዚህ የትንፋሹን ቍጥር ወደ ደሙ ለመመለስ በግምት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ፖሊሱ ያየው 0.31 በእኛይቱ አቈጣጠር ወደ 0.62 የሚጠጋ ነበረ። ወረደ ያልነው ነገር ወጥቶ ነበር።

መሣሪያዋ ዋሽታ ነበርን? እኔ እንደማምነው አልዋሸችም። 0.38 ባለችበት ደቂቃ ምናልባት 0.38 ነበረ። ስሕተቱ የነበረው እኔ በጨመርሁት ቃል ነው። ዕቃዋ የተናገረችው ስለ አንዲት ደቂቃ ነው፤ እኔ ግን ስለ መንገዱ ሁሉ ተናገርሁ።

አደጋውን ያመጣው አልኮሉ ነው ብዬ ለመማል አልችልም። ውሃ ብቻ የጠጣ ሰውም ጋሪ ሊያመልጠው ይችላል። ነገር ግን አጎቴ መሪ የጨበጡት እኔ «አልፈዋል» ስላልኋቸው ነው፤ ይህን አውቃለሁ።

እኅቴ ጀሶዋን ከፈታች በኋላ አጎቴ አንድ ቀን ጠሩኝና «ያንን ነገር በደንብ እንየው» አሉኝ። የመኪናቸውን ቍልፍ ለእናቴ ሰጡ፤ በቤታችንም ተቀመጡ። ጠጅ ሳይሆን ፋብሪካ የጠመቀው ቢራ መረጥን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከእራታቸው ጋር ሦስት ጠርሙስ ጠጡ። እኔም አፋቸውን እያስጉመጠመጥሁ በየሩብ ሰዓቱ ለካሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ15 ላይ 0.41 ነበረ። በ1 ሰዓት ተኩል 0.49፣ ለሁለት ሩብ ጉዳይ 0.56፣ በ2 ሰዓት 0.60 ሆነ። ልብ አድርጉ፤ ከ1 ሰዓት ወዲህ አንዲት ጉንጭ አልጠጡም፤ ቍጥሩ ግን ለአንድ ሰዓት ሙሉ ሲወጣ ቆየ። መጠጥ ከሆድ ወደ ደም የሚገባው ቀስ በቀስ ነው፤ ሆድ ምግብ ሲኖርበት ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው መጠን የሚደርሰው የመጨረሻው ብርጭቆ ካለቀ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እኛ ከሠርጉ ቤት የተነሣነው ልክ በዚህ መወጣጫ ላይ ነበረ።

ከ2 ሰዓት በኋላ ቍጥሩ መውረድ ጀመረ። በ3 ሰዓት 0.45፣ በ4 ሰዓት 0.31 ሆነ። አጎቴ «አሁን ፍጹም ደኅና ነኝ» ያሉት ገና በ3 ሰዓት ነው። በ4 ሰዓት እናቴ ጠንካራ ቡና አፍልታ አቀረበችላቸው፤ በ4 ሰዓት ከ15 ለካኋቸው፤ ቍጥሩ በዚያው በቀድሞው እርምጃ ከመውረድ በቀር ምንም አልተለወጠም። ቡና እንቅልፍን ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮልን አያባርርም። አልኮልን የሚያቃጥለው ጉበት ነው፤ እርሱም እንደ አዝጋሚ ጸሐፊ ወረፋ ቢበዛ ባይበዛ በሰዓት የሚሠራው ያው ነው፤ ይኸውም በአማካይ በሊትር ደም 0.15 ግራም ያህል ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ዕቃዋ 0.00 ያሳየችው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ሦስት ጠርሙስ ቢራ፣ ስድስት ሰዓት። አጎቴ ይህን ሲያዩ ብዙ ዝም አሉና «እኔ በሰዓት አንድ ጠርሙስ ይጠፋል እያልሁ ነበር የኖርሁት» አሉ።

አሁን ደግሞ ትንፋሽ የደምን ነገር እንዴት እንደሚናገር ልግለጽ። ደም በሳንባ ውስጥ ሲያልፍ ከያዘው አልኮል ጥቂቱ ወደ አየሩ ይተንናል። በደም ውስጥ ብዙ ካለ በአየሩም ብዙ፣ ጥቂት ካለ ጥቂት ይሆናል። የረጅም ጊዜ ጥናት እንዳስረዳው ከሳንባ ጥልቅ በሚወጣ 2,100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ ውስጥ ያለው አልኮል በግምት በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው። ዕቃዋ ረጅም ጊዜ እንድንነፋባት የምታስገድደንም ለዚህ ነው፤ የአፍ አየር ሳይሆን የሳንባ አየር ያስፈልጋታልና።

የዚህ ነገር ታሪክ ከምንገምተው በላይ ረጅም ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እናገራለሁ። በ1874 ፍራንሲስ አንስቲ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከተጠጣ አልኮል ጥቂቱ በትንፋሽ እንደሚወጣ ጻፈ። በ1927 ኤሚል ቦገን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሰካራሞችን ትንፋሽ በእግር ኳስ ከመነዳሪ ውስጥ እያጠራቀመ መረመረ። የኳስ ቡድናችን ይህን በመስማቱ ደስ እንደሚለው ተስፋ አደርጋለሁ። በ1931 የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሮላ ሃርገር ድራንኮሜትር የተባለውን መሣሪያ ሠራ፤ ሰውዬው ፊኛ ይነፋል፤ አየሩም ሐምራዊ በሆነው የፖታሲየም ፐርማንጋኔት ውህድ ውስጥ ያልፋል፤ አልኮል ካለ ቀለሙ ይጠፋል። በ1954 ደግሞ በዚያው በኢንዲያና ግዛት በፖሊስ ሠራዊት ያገለግል የነበረው ሮበርት ቦርከንስታይን ብሬዛላይዘር የተባለውን ፈለሰፈ። በእርሱ ውስጥ ብርቱካናማው ዳይክሮሜት አልኮል ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ የለውጡን ልክ የሚያነብበውም ዐይን ሳይሆን የብርሃን መለኪያ ነው። የ11ኛ ክፍል ጓደኞቼ ይህን ለውጥ በቤተ ሙከራችን ባለፈው ወር አይታችሁታል።

በዛሬዎቹ የኪስ ዕቃዎች ውስጥ ግን ፈሳሽ የለም። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት በፕላቲነም የተሸፈኑ ሁለት ገጾች አሉት፤ አልኮሉ እዚያ ላይ ወደ አሴቲክ አሲድ ሲለወጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ኤሌክትሪኩ በበዛ መጠን አልኮሉም በዝቷል ማለት ነው። አሴቲክ አሲድ የኮምጣጤ አሲድ ነው። እናቶቻችን ጠጅ ሲሰነብት ኮመጠጠ የሚሉት በዚሁ ለውጥ ምክንያት ስለ ሆነ፣ በጋኑ ውስጥ ባክቴሪያዎች በሳምንታት የሚሠሩትን ፕላቲነሙ በቅጽበት ይሠራዋል። ፖሊሶች በመንገድ ላይ የሚይዟቸው መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ሁለተኛውና ርካሹ ዓይነት በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የቆርቆሮ ኦክሳይድ አለው። ናኦዮሺ ታጉቺ የተባለ ጃፓናዊ በ1962 ይህን ሲሠራ ያሰበው ስለ ሰካራም ሳይሆን፣ ከማብሰያ ቤት ስለሚያመልጥ ጋዝ ነበር። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ዕቃ አልኮልን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ አይደለም። የሲጋራ ጢስ ሊያሳስተው ይችላል፤ የስኳር ሕመም ባለበት ወይም ብዙ ጊዜ እህል ባልቀመሰ ሰው ትንፋሽ ውስጥ የሚገኘው አሴቶንም ሊያሳስተው ይችላል። ከዚህም በላይ እንደ ገበያ ሚዛን በጊዜ ብዛት ይዛባል፤ በስድስት ወር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ መጠኑ በታወቀ የአልኮል አየር መስተካከል አለበት። የእኛይቱ ዕቃ የዚህ ወገን ናት። የሚያስተካክልልን ሰው በከተማችን ፈልጌ አላገኘሁም።

አንድ ሌላ ነገር በክበባችን ሞከርን። መጠጥ የሚባል ቀምሰው የማያውቁት መምህራችን፣ አልኮል ባለበት የአፍ መታጠቢያ ተጉመጥምጠው ወዲያው ነፉባት። ዕቃዋ ከ1 በላይ አሳየች፤ በእርሷ ቃል ቢሆን ኖሮ መምህራችንን ደግፈን ወደ ቤታቸው መውሰድ ነበረብን። ከ15 ደቂቃ በኋላ 0.00 ሆነ። የአፍ አልኮል የሚባለው ይህ ነው። መጠጡን ገና የዋጠ ሰው ቢነፋ የሚለካው ደሙ ሳይሆን ጉንጩ ነው። በሠርጉ ቀን ይህን ሕግ አጥብቄ በመጠበቄ ብዙ ኰርቼ ነበር፤ ከጥንቃቄዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ መጠበቄ እንደ ሆነ ግን አላወቅሁም።

እነዚህን ዕቃዎች በሚመለከት በሌሎች አገሮች የሆነውን ደግሞ ጥቂት ልናገር። የፈረንሳይ መንግሥት እያንዳንዱ ነጂ በመኪናው ውስጥ የትንፋሽ መመርመሪያ እንዲይዝ ከሐምሌ ወር 2012 ጀምሮ ግዴታ አደረገ። ላልያዘ ሰው የታሰበው የ11 ዩሮ ቅጣት ግን ሥራ ላይ ሳይውል በ2013 ተተወ፤ ግዴታውም ራሱ በ2020 ተሻረ። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ በመጠጥ ቤቶች የነበሩ ሰዎችን በገበያ በሚሸጡ የግል መለኪያዎችና በፖሊስ ዓይነቱ መሣሪያ በአንድነት የለኩ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ ተነፍቶ የሚጣለው ቱቦ ከወሰን ካለፉት ሰዎች የለየው አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ መሆኑን አሳወቁ። ቍጥር የሚያሳዩት ሁለቱ ዕቃዎች ግን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉን ለይተዋል። ይህ መልካም ውጤት ይመስላል፤ ነገር ግን አሥረኛው ሰው ዕቃውን አይቶ፣ ልቡ ዐርፎ፣ ሞተሩን የሚያስነሣ ሰው ነው። ያን ሰው በመልክ አውቀዋለሁ።

በአሜሪካ ደግሞ ብሬዞሜትር የተባለ ኩባንያ ከስልክ ጋር የሚሠራ መለኪያ እየሸጠ ብዙ ገንዘብ አግኝቶ ነበር። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኩባንያው ስለ ዕቃዎቹ ትክክለኛነት ያስነገረው በበቂ ምርመራ ያልተደገፈ መሆኑን፣ ከዕቃዎቹም አንደኛው የአልኮሉን መጠን ዘወትር አሳንሶ እንደሚያሳይ ካወቀ በኋላ እንኳ ለገዢዎቹ አለመንገሩን ጠቅሶ ከሰሰው። በ2017 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው ለገዢዎቹ ገንዘባቸውን የመመለስ ግዴታ ገባ። አሳንሶ የሚያሳይ መለኪያ አብዝቶ ከሚያሳየው ይልቅ ተወዳጅ መሆኑ አያስደንቅም፤ ማንም ደስ የሚለውን የሚነግረውን ወዳጅ አይጠላምና።

ወሰን ስለሚባለው ነገርም አንድ ቃል አለኝ። የእንግሊዝ ሕግ በ1967 የደነገገው ወሰን በሊትር ደም 0.8 ግራም ነው። ስኮትላንድ ከ2014 ወዲህ ወደ 0.5 ዝቅ አደረገችው። ጀርመን በ1998 ከ0.8 ወደ 0.5 አወረደች፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ ለአዲስ ነጂዎችና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑት አልኮልን ፈጽማ ከለከለች። ስዊድን ከ1990 ጀምሮ 0.2 ነው የምትለው። እንግዲህ ከእንግሊዝ ተነሥቶ ወደ ስኮትላንድ የሚነዳ ሰው 0.6 ቢኖርበት ድንበሩን ሲሻገር ወንጀለኛ ይሆናል፤ እግሩ ፍሬኑን የሚረግጥበት ፍጥነት ግን ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ያው ነው። ወሰኑን የሠራው ሸንጎ ነው፤ ዐይናችንና እጃችን መዘግየት የሚጀምሩት ሸንጎውን ጠብቀው አይደለም። እኔ ግን 0.5ን እንደ ግንብ አጥር ቆጥሬ፣ ከአጥሩ ውስጥ ነን ብዬ ነበር።

ስለ ጠጁ ቃል ገብቼ ነበር። የቢራ ጠርሙስ በላዩ ቍጥር አለበት፤ ከመቶ አምስት ወይም አራት ተኩል እያለ ይናገራል። ብርሌ ግን ቍጥር የለበትም። የአንዱ ቤት ጠጅ ብርዝ የሚመስል ሲሆን የሌላው ቤት ሁለት ብርሌው ያስዘፍናል። ጌሾው፣ ማሩ፣ የጋኑ ሙቀት፣ የሰነበተበት ቀን ሁሉ ኃይሉን ይለውጡታል። ጠላና አረቄም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በውጭ አገር መጻሕፍት እንደሚመከረው «ይህን ያህል ብርጭቆ ጠጣሁ» ብሎ በሒሳብ መገመት ለእኛ አገር መጠጥ አይሠራም። እንዲያውም ከዚህ የተነሣ የትንፋሽ መለኪያ ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅም ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስት ብርሌ ይሁን አራት፣ አጎቴና እናቴ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ዕቃዋ ግን ከቆጠራ ክርክር ውጭ ናት።

ታዲያ ዕቃዋ ምን ትጠቅማለች? እኔ አልጣልኋትም፤ አጎቴም አልጣሏትም። «አትንዳ» ስትል እናምናታለን፤ «ንዳ» ስትል ግን አንሰማትም፤ ያን እንድትናገር መብት አልሰጠናትምና። ከሁሉ ይልቅ የጠቀመችን በማግስቱ ጠዋት ነው። በሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 1.6 ግራም የነበረበት ሰው ተኝቶ በጠዋቱ 1 ሰዓት ቢነሣ፣ በሰዓት 0.15 እየቀነሰ እንኳ ገና ከ0.5 በላይ ይቀርበታል። ታጥቧል፤ ቁርስ በልቷል፤ ሸሚዝ ለውጧል፤ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስ ቍልፉን አንሥቷል፤ እንደ ሰከረ የሚጠረጥረው የለም፤ እርሱም ራሱን አይጠረጥርም። እንዲህ ያለ ጠዋት በቤታችን አንድ ጊዜ ደርሷል። የበዓል ማግስት ነበረ፤ አጎቴ ከመነሣታቸው በፊት በራሳቸው ፈቃድ ነፉባትና ቍጥሩን አዩ። ከዚያም ጫማቸውን አውልቀው ተመልሰው ተኙ። እኔና እኅቴ ያን ቀን በታክሲ ሄድን፤ ዘገየንም፤ ቅጣቱንም ተቀበልን። የዘገየንበትን ምክንያት ለዩኒት መሪው ያልተናገርሁት ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ልናገረው ኖሯል።

ባለፈው ግንቦት ሌላ ሠርግ ነበረን። አጎቴ ገና ከመቀመጣቸው በፊት የመኪናቸውን ቍልፍ ለእናቴ ሰጧት፤ እርሷም ከመቀነቷ ቋጠረችው። ስንመለስ የነዳው ጠጅ ያልቀመሰ የሙሽራው ወንድም ነው። እኅቴ ከፊት ወንበር ካልተቀመጥሁ ብላ አለቀሰች፤ ተፈቀደላትም። ክንዷ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ግን ያማታል። በዚህች ከተማ ደግሞ ብርድ የማይሆንበት ቀን ጥቂት ነው።

የአጎቴን የስድስት ሰዓት ልኬት በካሬ ወረቀት ላይ በግራፍ አንሥቼው በኬሚስትሪ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ራሳቸው ፈቅደዋል፤ ከመካከላችሁም ተቀምጠዋል። ዕቃዋም በጠረጴዛው ላይ ትቆያለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የአፍ ቱቦ አዘጋጅተናል። ከግብዣው በኋላ መሞከር የምትፈልጉ ወላጆች አስቀድማችሁ በውሃ ተጉመጥምጣችሁ 15 ደቂቃ እንድትቆዩ እንለምናለን። ቍጥሩን የምታነብቡት ግን እናንተው ናችሁ፤ እኔ አላነብብላችሁም።